እስከ ድልድዩ

ባለርስቱ ሳርዳር ናዛር ሲንግ «በቁሜ የቀጥቃጭ ልጅ አማቼ አይሆንም» ብለው በማሉ በሦስተኛው ዓመት፣ ለዚያው ለቀጥቃጭ ልጅ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ድንኳን አስተከሉ። ያስታረቃቸው ሽማግሌ አይደለም። የልጅቷ እንባም አይደለም። ያስታረቃቸው ሬሳ ነው።

ሬሳው የአንድ ወንድ ልጃቸው የጃግሲር ነበር። ጃግሲርና ኪርፓል ጢም ሳያበቅሉ ጀምሮ የማይነጣጠሉ ጓደኛሞች ነበሩ፤ አንዱ የባለርስት ልጅ፣ ሌላው አውቶቡስ ተራው ጥግ ሞተር ሳይክል የሚጠግን የቀጥቃጭ ዘር። በየዓመቱ በረዶው ቀልጦ የተራራው መንገድ ሲከፈት፣ ሞተራቸው ላይ ድንኳንና ብርድ ልብስ ጠፍረው፣ መለዋወጫ ካንዴላና የፍሪሲዮን ሽቦ ይዘው፣ ከሩፓር ሜዳ ተነስተው እስከ ላዳክ ይወጡ ነበር። ባለፈው ዓመት የተመለሱት በጭነት መኪና ነው። ጃግሲር ተጋድሞ፣ ኪርፓል አጠገቡ ተቀምጦ። ኪርፓል የራሱን ጥምጥም ፈትቶ ሬሳውን ሸፍኖበት ስለነበር፣ ረጅም ጸጉሩ ትከሻው ላይ ተበትኖ፣ ራሱ ተገልጦ ነበር ከደጃቸው የወረደው። በዚህ አገር ወንድ ያለ ጥምጥሙ ከሰው ፊት አይቆምም።

ሳርዳሩ ያንን የተገለጠ ራስ ሲያዩ እንደተቆረጠ ዛፍ ወደቁበት።

«ምን አገኘው?» አሉት አንገቱ ላይ ተጠምጥመው።

«የኔን ሞተር ልሞክር አለኝና ተቀያየርን፣ ሳርዳር ጂ። ቁልቁለት ነበር። የበረዶ ውሃ መንገዱን በልቶት ነበር። መታጠፊያው ላይ… አልቆመም።»

ከዚያ ወዲያ ማንም ሁለተኛ አልጠየቀውም። ሐዘኑ ሳይወጣ ሳርዳሩ ማድ ላይ ከጎናቸው ያስቀምጡት ጀመር። ዓመት ሊሞላ ሲል ደግሞ በራሳቸው አፍ፣ «ልጄን በጥምጥሙ የሸፈነልኝን ሰው ዘሩን አልጠይቀውም» አሉ።

ልጃቸው ፓርኒት ያን ጊዜ እዚህ አልነበረችም። ከኪርፓል ጋር መጻጻፏ የታወቀ ቀን ነበር አባቷ «ትማር» ብለው ወደ ካናዳ የሰደዷት፤ ትምህርት ይባል እንጂ ግዞት እንደሆነ አባትም ልጅም ያውቁታል። ለወንድሟ ሐዘን መጥታ ቀረች። መቅረቷም ቢሆን ቁርጥ ያለ አልነበረም። እዚያ ሳለች ይህን ግቢ በሕልሟ ታየው ነበር፤ ስትመጣበት ግን ሌላ ሰው የነገራት ወሬ ሆኖ አገኘችው። በጠዋት ተነስታ ሻንጣዋን ታያለች፤ ከዚያ መስኮቱን ታያለች፤ ከሁለቱ ወዴት እንደምትሄድ ሳትወስን ቀኑ ይመሻል። በጠበቀችው ቦታ ያገኘችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ኪርፓልንና ጎተራው ውስጥ በሸራ የተሸፈነውን፣ ቡሌት የሚባለውን አሮጌ ሞተር ሳይክል።

ቡሌቱ የእናቷ ነበር ለማለት ይቻላል። እናቷ ስትዳር የእናቷ አባት ለሙሽራው ለናዛር ሲንግ የሰጡት ሞተር ነው፤ በዚህ አገር ሴት ልጅ ሲዳር ቡሌት ካልተሰጠ ሰርጉ ጎደሎ ነው። እናቷ ሞተች፤ ቡሌቱ ለጃግሲር ተረፈ። ከተራራው የመጣው አንዲት ጭረት ሳይነካው፣ በዚያው ጭነት መኪና፣ ከሬሳው እግርጌ ታስሮ ነው። አሁን ደግሞ ሳርዳሩ ለኪርፓል ሊሰጡት ነው።

ኪርፓል በየሳምንቱ እየመጣ ያጥበዋል፣ ዘይት ይቀይርለታል፣ ካርቡራተሩን ፈትቶ ይነፋል፣ ካቴናውን ይቀባል። አንድ ቀን ግን ተቀምጦበት አያውቅም። ፓርኒት «አስተምረኝ» ስትለው እንኳ እስከ ቦዩ ዳር በእጁ ገፍቶ ነው የወሰደው።

«መጀመሪያ መሪው ላይ ያለችውን ትንሿን ምላስ ሳቢ። ቀስ ብለሽ እርገጪ። የመለኪያዋ መርፌ መሀል ላይ ስትቆም ተዪው። ትንፋሽ ውሰጂ። ከዚያ በሙሉ ክብደትሽ። በንዴት ከረገጥሽው ቁርጭምጭሚትሽን ነው የሚሰብረው። ቡሌት ቁጡ ሰው አይወድም።»

«አባቴን እንዴት ወደደ ታዲያ?»

ሳቀ። እሷም ረገጠች፤ አሮጌው ሞተር ከሆዱ አሳለና ዱግ… ዱግ… ዱግ… ማለት ጀመረ።

«አንተ ግን ለምን አትነዳውም?»

«የጃግሲር ነው።»

«እና እኔስ?»

«አንቺ የጃግሲር እህት ነሽ።»

«በሰርጋችን ቀንስ? እየገፋኸኝ ነው ቤትህ የምታስገባኝ?»

«ሙሽራ ከነቡሌቷ ገፍቶ የወሰደ የመጀመሪያው ሰው እሆናለኋ» አለ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። ጎንበስ ብሎ ግራ እግሯን በእጁ ያዘና ፔዳሉ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠላት። «ፍሬን በግራ፣ ማርሽ በቀኝ። ደግመሽ በይው።»

«ፍሬን በግራ፣ ማርሽ በቀኝ።»

«ከዚህ ሌላ ሞተር እንዳትነኪ። ቃል ግቢልኝ።»

«ቀናህ እንዴ?»

«ቃል ግቢልኝ፣ ፓርኒት።»

ቀና ብላ ስታየው ፊቱ አመድ መስሏል። ፍቅር ይሆናል አለች በልቧ። ፍቅር ሰውን እንዲህ ያስፈራዋል ብላ ቃል ገባችለት፤ ቀኑንም ሙሉ ደስ ሲላት ዋለ።

ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ደግሞ ነበራት፦ ፎቶ። ካናዳ ሳለች፣ ሁለቱ ለዚያ የመጨረሻ ጉዞ ሲነሱ፣ ለኪርፓል «የእናቴ ቡሌት ላይ ተቀምጠህ ላይህ እፈልጋለሁ። በረዶው ከኋላህ ይሁን። አባቴ ባይሰጡህ እኔ ሰጥቼሃለሁ» ብላ ጽፋለት ነበር። ፎቶው እዚያው ካናዳ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ ሳለች ደረሳት። ኪርፓል ቡሌቱ ላይ፤ ከኋላው ነጭ ተራራ፤ ከፊቱ አስፋልቱ ላይ ፎቶውን የሚያነሳው የጃግሲር ጥላ፣ ክርኖቹ ወደ ጎን ወጥተው። «ንጉሥ መስለሃል! ጃግሲር እንዳይቀና» ብላ መለሰችለት። ከኪርፓል መልስ አልመጣም። የመጣው የአባቷ ስልክ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያችን ፎቶ ከሐዘኑ ለይታ፣ ከሞት እጅ ያመለጠች የመጨረሻ ደስታ አድርጋ ይዛት ኖራለች።

ቅዳሜ፣ የሰርጉ ዋዜማ፣ ግቢው እንደ ንብ ቀፎ ሆነ። ፓርኒት ክንዷም ፊቷም እርድ ተቀብቶ ቢጫ ሆናለች።

«የአባትሽ ጥምጥም ከቀለም ነካሪው አልመጣም!» አለች አክስቷ ሚንዶ ወገቧን ይዛ። «ነገ ልጁን የሚድር ሰው ነጭ ጠምጥሞ ሊወጣ ነው? ወንዶቹን ብታዪያቸው ድንኳን ላይ ተንጠልጥለዋል፤ አንዱም ጆሮ አልፈጠረበት!»

«እኔ አመጣዋለሁ።»

«አንቺ? እርድ የተቀባች ሙሽራ ከደጅ አትወጣም! ካናዳ ይሄን አላስተማሩሽም?»

«ካናዳ እርድ የለም፣ አክስቴ።»

«እርድ የለም፣ እፍረት የለም፤ ምን አለ ታዲያ?»

«ብርድ።»

አክስቷ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ስታዞር ፓርኒት ወጣች። ቡሌቱ ለነገ ታጥቦ፣ መሪው ላይ አበባ ታስሮለት ቆሟል፤ አበባውን ማበላሸት አልፈለገችም። የአክስቷ ልጅ አዲስ ሞተር ከነቁልፉ ድንኳኑ ጥግ ቆሞ ነበር። የገባችው ቃል ትዝ አላት፤ ፈገግ አለች። ነገ ሚስቱ ናት፤ ነገ ይቅር ይላታል።

ቀለም ነካሪውና ሚስቱ ጨርቁን በሁለት ጫፍ ይዘው አየር ላይ እያራገቡ ሲያደርቁት ደረሰች። ፈዛዛ ጽጌረዳ ቀለም። ከጃግሲር ሞት ጀምሮ አባቷ ከነጭ የሐዘን ጥምጥም ሌላ አልጠመጠሙም። እጥፉን ደረቷ ውስጥ ወትፋ ተመለሰች።

ቦዩ ዳር ስትደርስ አንዲት የቤት ጎሽ ከሸንኮራው ውስጥ ወጥታ መንገዱ መሀል ቆመች። ፓርኒት እስካሁን እያሰበች ነበር የምትረግጠው፤ አሁን ግን አላሰበችም። ግራ እግሯ ከሐሳቧ ቀድሞ፣ በሙሉ ክብደቱ ወረደ።

ሞተሩ አልቆመም። ጮኸ፣ ተንገራገጨ፣ ወደፊት ዘለለ። ረገጠች። ደግማ ረገጠች። ከእግሯ ስር የነበረው ፍሬን ሳይሆን ማርሽ ነው፤ በአዲሶቹ ሞተሮች ፍሬኑ በቀኝ ነው። ጎሿን በስንዝር ስታ፣ ሞተሩ ወደ አንድ ወገን፣ እሷ ወደ አንድ ወገን፣ ጭቃው ውስጥ ገባች።

ጉልበቷ እየደማ ነው። አላለቀሰችም። የምታየው ግራ እግሯን ነበር። እግሯ አሁንም ጭቃውን ወደታች እየገፋ፣ ፍሬን እየፈለገ ነው።

ጃግሲር ከቡሌት ሌላ ነድቶ አያውቅም ነበር። ቁልቁለት፣ መታጠፊያ፣ ውሃ የበላው መንገድ፣ ከስሩ አዲስ ሞተር። እግሩ ሲወርድ ታያት። ደግሞ ሲወርድ ታያት።

ኪርፓል አባቷን ያላቸው «አልቆመም» ነው። እሷንም «ሌላ ሞተር እንዳትነኪ» ብሏታል። ያ አመድ የመሰለ ፊት፣ በገዛ እጁ የያዘው ግራ እግሯ… ያን ቀን ደስ ብሏት መዋሏ ከሁሉም በላይ አንገበገባት።

ኪርፓል ከሚያስጨንቁት አክስቶቹ ሸሽቶ ጋራዡ ውስጥ ተደብቋል። እሱም እስከ ክርኑ ቢጫ ነው። በካቻቢቴ የሆነ ነገር እያጠበቀ ሳለ ጥላዋ በሩ ላይ ወደቀ።

«ፓርኒት! ዛሬ እኮ መገናኘት…» ጉልበቷን አየ። «ምን ሆንሽ?»

«በግራ እግሬ ረገጥኩ።»

ካቻቢቴውን የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

«አውቅ ነበር።»

«ዓመት ሙሉ! ከአባቴ ማድ እየቆረስክ። እኔን ቦይ ለቦይ እያስተማርክ።»

«አዎ።»

«በረዶ አይደለም የገደለው። መንገድ አይደለም።»

«መንገዱም ነበረበት። ግን… አዎ። እግሩ ነው።»

«አንተ ሞተር ጠጋኝ ነህ፣ ኪርፓል! እግር የለመደውን እንደማይረሳ ታውቃለህ! ማነው እንቀያየር ያለው?»

«ለአባትሽ ነግሬያቸዋለሁ።»

«እኔ አባቴ አይደለሁም። ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

ዓይኗን አላየም። «እኔ ነኝ» አለ።

«ለምን? ከአዲስ ሞተርህ ወርደህ አሮጌ ቡሌት ላይ ምን ሰቀለህ?»

«እንዲሁ። አማረኝ።»

«አማረህ! ከዚያ በፊት ነድተኸው የለ? ፎቶ ልከህልኝ የለ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቀያየርነው» አለ፤ ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። የወጣውን ቃል መልሶ ሊያስገባው የፈለገ ይመስል ነበር።

ፓርኒት ስልኳን አወጣች። ፎቶውን ከመክፈቷ በፊት ኪርፓል እጁን ሰዶ መስታወቱን በቢጫ መዳፉ ሸፈነው።

«አትዪው። ፓርኒት፣ በጃግሲር ይዤሻለሁ፣ አትዪው።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ አነሳቻቸው። ከታች ተራራው፣ ቡሌቱ፣ አስፋልቱ ላይ የተዘረጋው የወንድሟ ጥላ። ከላይ ደግሞ የራሷ ቃል፦ ላይህ እፈልጋለሁ።

ሁለቱ የተቀያየሩት ለዚህች ፎቶ ብለው ነበር፤ ዓመት ሙሉ ከሞቱ ለይታ የያዘችው ደስታ፣ የሞቱ ደጃፍ ነበር።

«እዚያ ላይ ኔትወርክ የለም» አለ ኪርፓል፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ላክ ብዬ ተጫንኩት፤ አልሄደም፤ ረሳሁት። ኬይሎንግ ከተማ ስንደርስ፣ መኪናው ላይ፣ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ኪሴ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ፎቶው በራሱ ሄዶ ኖሯል። ወዲያው ያንቺ መልስ መጣ። ንጉሥ መስለሃል።»

ፓርኒት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ባሕር ማዶ ብቻሽን ነበርሽ። እኔ ልሸከመው እችላለሁ አልኩ።»

«እና ሙት መልስ አይሰጥም ብለህ በሱ አሳበብክ።»

«አላሳበብኩም!» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ከፎቶው በኋላ ‘ና፣ ቡሌትህን ውሰድ’ አልኩት። ‘ተወኝ ባክህ፤ የዚህ መቀመጫ ሶፋ ነው፤ እስከ ድልድዩ ልንዳው’ አለኝ። ‘አይሆንም፣ እግርህ አልለመደውም’ አልኩት። ሳቀብኝ። ‘አንተ እህቴን ጠቅልለህ ስትወስድ እኔ ሞተርህን እስከ ድልድዩ ብወስድ ምን ይቆጭሃል?’ አለኝ። ከዚያ ቀድሞኝ ሄደ።»

ድልድዩ ከመታጠፊያው ማዶ ነበር።

ወንድሟን ታውቀዋለች። ቀልዱ የሱ ቀልድ ነው፤ ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ግን ኪርፓልም ያንን ቀልድ ዕድሜውን ሙሉ ሰምቶታል።

«ይሄ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለእኔ ብለህ የምትዋሸኝ ብትሆን ኖሮስ፣ ምን ትለኝ ነበር?»

ኪርፓል ቢጫ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ይሄንኑ» አለ።

ዋሽቷት ቢሆን ትጠላው ነበር። እውነቱን ነግሯት ቢሆን ደግሞ እግሩ ላይ ወድቃ ታለቅስ ነበር። የትኛው እንደሆነ ስላላወቀች ሁለቱንም ሳታደርግ ተነሳች።

«ለአባቴ እነግራቸዋለሁ።»

«አታድርጊው! ልጄ ራሱ ጠየቀ በምትል አንዲት ቃል ነው የቆሙት።»

«በውሸት ላይ ነዋ የቆሙት።»

«ሰው በምንም ይቁም፣ ፓርኒት፤ ብቻ ይቁም!»

ደረቷ ውስጥ ያለው ጥምጥም ከበዳት።

ጥምጥም ለብቻ አይታጠፍም። አንዱ አንድ ጫፍ፣ ሌላው ሌላውን ይዞ፣ ጨርቁ በክፍሉ ርዝመት ተወጥሮ ነው የሚታጠፈው። የሳርዳሩን ጫፍ ድሮ የሚይዘው ጃግሲር ነበር። እሱ ከሄደ ወዲህ ፓርኒት ናት። በየጠዋቱ አባትና ልጅ ብዙም ሳይነጋገሩ ጨርቁን ይወጥራሉ፤ እሷ ወደዚህ አገር በእርግጥ የተመለሰች የሚመስላት በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ጽጌረዳው ጨርቅ በመሃላቸው ተዘረጋ።

«ሳቢ። ጠበቅ አድርገሽ» አሉ ሳርዳሩ። ደስ ብሏቸዋል። ማጠፍ ጀመሩና ቆሙ። «ይሄ ምንድነው? ጭቃ ነው?»

«ትናንት ወድቄ ነው።»

«የት?»

«ቦዩ ዳር። በአዲሱ ሞተር። በግራ እግሬ ረገጥኩ፣ አባዬ።»

ሳርዳሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አሁን አንቺም ገባሽ» አሉ በዝግታ። «እኔ ልጁ ‘አልቆመም’ ሲለኝ ነው የገባኝ። በዚያ ቡሌት ላይ አስቀምጬ ‘ግራህን! ግራህን!’ እያልኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስቶ ሲረግጥ እግሩን በአርጩሜ እመታው ነበር። ልጄን የገደለው እኔ ያስተማርኩት እግር ነው።» ጨርቁን አንድ ጊዜ አጠፉ። «ኪርፓልን አንድም ቀን አልወቀስኩትም። ጃግሲር ራሱ አማረው፤ ራሱ ጠየቀ። ሰው በራሱ ምኞት ከሄደ አምላክ ዋሄጉሩ ጠርቶታል ይባላል። በዚያች ቃል ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ሳቢ፣ ልጄ።»

ፓርኒት ሳበች። ዝም ብትል ጨርቁ ይታጠፋል፣ ይጠመጠማል፣ ሙዚቃው ይጀመራል። ከጨርቁ ማዶ ግን አንድ ሽማግሌ የገዛ አርጩሜያቸውን እየቆጠሩ ነው፤ ፎቶውን የጠየቀችው እጅ ደግሞ የጥምጥማቸውን ጫፍ ይዛለች።

«አንቱ አይደሉም፣ አባዬ። እኔ ነኝ።»

ነገረቻቸው። ፎቶውን፣ የጻፈችውን ቃል፣ ሳትደብቅ። «እስከ ድልድዩ» የሚለውንም ነገረቻቸው፤ ግን እንደ እውነት ልትነግራቸው ፈልጋ ከአፏ የወጣው እንደ ጥያቄ ነበር።

በመሃላቸው የነበረው ጨርቅ ቀስ በቀስ ላላ። መሀሉ መሬት ነካ።

«ሰርጉ ይቅር ካሉ ይቀራል» አለች።

«ቃል ወጥቷል። የሰጠሁትን አልነሳም። ልጁንም ተከፍቼበት አይደለም፤ አንቺን ነው የሸፈነልኝ፣ ሁለተኛ ልጄን።» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር።

«እኔንስ ይቅር ይሉኛል?»

«ቀን ስጪኝ እንዳልልሽ፣ ቀኑን አላውቀውም።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ልቀቂው።»

«አባዬ…»

«ጫፉን ልቀቂው፣ ፓርኒት።»

ለቀቀችው።

ሳርዳሩ ከክፍላቸው ሲወጡ እንግዳው ሁሉ አየ። ነጭ ጠምጥመዋል። አክስቷ ሚንዶ «ውይ!» ብላ አፏን ያዘች። ፓርኒት የምታየው ቀለሙን አልነበረም፤ እጥፉን ነው። አንድ ወገኑ ተዛንፏል። ሌላ ሰው ያልያዘው ጥምጥም እንዲህ ይሆናል፤ ጫፉን ከበሩ እጀታ ጋር አስረው ብቻቸውን ነው ያጠፉት።

ጸሎት ቤቱ ጉርድዋራ ውስጥ፣ በቅዱሱ መጽሐፍ ፊት፣ ከሙሽራው ትከሻ የወረደውን ነጠላ ጫፍ በልጃቸው እጅ ማስያዝ የአባት ድርሻ ነው። ሳርዳሩ አስያዟት። እጃቸው እጇን አልነካውም። ኪርፓል ነጩን ጥምጥም አይቶ ሁሉ ገብቶታል፤ መጽሐፉን አራት ጊዜ ሲዞሩ እሷ ጫፉን ይዛ፣ ከኋላው፣ እርምጃውን ተከተለች። የዓመታት ምኞቷ ነበር። እያንዳንዱ ዙር ወደዚያ መታጠፊያ የሚያቃርባት መሰላት።

ስንብቱ ደጁ ላይ ሆነ። እንደ ሙሽራ ወግ እፍኝ ሩዝ በራሷ ላይ ወደኋላ፣ ወደ አባቷ ቤት በተነች። ሳርዳሩ የቡሌቱን ቁልፍ አውጥተው ለኪርፓል ዘረጉለት።

«ልጄ፣ ፍሬኑ በግራ ነው» አሉት።

እንግዳው በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ ለሞተር ጠጋኝ ፍሬን ያሳዩታል!» አለች ሚንዶ ከእንባዋ ጋር። ኪርፓል ጎንበስ ብሎ የሳርዳሩን እግር ነካ፤ ቶሎም አልተነሳም።

ከዚያ ተራዋ ደረሰ። ሳርዳሩ ለመመረቅ እጃቸውን አነሱ። እጃቸው ከራሷ በላይ አየር ላይ ቆመ፤ ፓርኒት ሙቀቱ የተሰማት መሰላት። እጁ ግን ሳይወርድ ተመልሶ የተዛነፈውን ነጭ ጥምጥም አቃና።

ኪርፓል ቡሌቱ ላይ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ትንሿን ምላስ ሳበ፣ መርፌዋ መሀል ላይ እስክትቆም ጠበቀ፣ ረገጠ። ዱግ… ዱግ… ዱግ… ፓርኒት ከኋላው ተቀምጣ ወገቡን ያዘች። ወደኋላ ዞር ስትል ነጩ ጥምጥም ወደ ግቢው ገብቶ ነበር። ነገ ጠዋት ያንን ጫፍ ማን ይይዛል?

ሱትሌጅ ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ ጋ ሲደርሱ ኪርፓል ፍጥነቱን ቀነሰ። ግራ እግሩ ሲወርድ በገላዋ ሁሉ ተሰማት። ቡሌቱ እሺ ብሎ ዝግ አለ።

«ልቁም?» አለ ሳይዞር።

ልትጠይቀው ፈለገች። እስከ ድልድዩ ብሎ ነበር ወይ? በእርግጥ ስቆ ነበር ወይ? አዎ እንደሚላት አወቀች። ነገም አዎ ይላታል፤ ሸምግለውም አዎ ይላታል። ተራራው ላይ የነበረው ምስክር እሱ ብቻ ነው፤ ምስክሩ ደግሞ ይወዳታል።

«አትቁም» አለችው።

ጆሮዋን ጀርባው ላይ አሳርፋ ልቡን ለማዳመጥ ሞከረች። ከሰርግ ልብሱ ስር የሚመታ ነገር ነበር። ልቡ ይሁን፣ የወንድሟ ቡሌት ይሁን፣ ድልድዩን ተሻግረው ማዶ እስኪደርሱ ድረስ ለይታ ማወቅ አልቻለችም።